መሬቱን አልነካም

ዓለም በሁለት ጎራ የተከፈለች ናት፤ ሠርተው በሚያሳዩና ቁጢጥ ብለው ሥሩን በሚያዩ። የመጀመሪያዎቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ፎቅ ያቆማሉ፣ ልጅ ይድራሉ። ሁለተኛዎቹ ሠርጉ ላይ ተጠርተው ይመጡና ሙሽራዋን ትተው ካስማው ስንት ጣት እንደተንጋደደ ይለካሉ። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አለ። ሁለት የለም፤ ሁለት ቢኖር መሥሪያ ቤቱ ወዲያው ይዘጋል። አንዱ ብቻውን ለመዝጋት ጥቂት ዓመት ይፈጅበታል።

በፔታሉማ ከተማ፣ በቀድሞው የጫጩት መፈልፈያ ሕንፃ ውስጥ፣ በኮምፒዩተር ሥዕል ለማንቀሳቀስ የሚፍጨረጨረው ሶልትግራስ የተባለ ድርጅትም ድርሻውን አላጣም። ድርሻው ሊቀ ጥላ ዶክተር ሌስተር ሃልቮርሰን ነበሩ።

ሊቀ ጥላ ያልነው ለማሽሟጠጥ ብቻ አይደለም። ክቡርነታቸው ከሚኒሶታ በረዶ ወጥተው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ዓመታት ሙሉ ስለ ጥላ ብቻ አጥንተው ዶክተር የተባሉ ሰው ናቸው። ሌላው ስለ ብርሃን ሲማር እሳቸው ብርሃን የማይደርስበትን ቦታ ተማሩ። እንደ ሙያቸው ቢሆን ጥላቸው የከበደ ሰው መሆን ነበረባቸው። እግዜር ግን ቀልድ ያውቃል፤ ጥላ ቢስ አድርጎ ፈጠራቸው። ገና በሩን ከፍተው ያን ረጅም ቁመታቸውን ሲያስገቡ ሰው ሁሉ ስኒውን ይዞ ሌላ ክፍል ሥራ ይኖረዋል።

ኦዴት ሲልቬራ ግን የምትሸሽበት አልነበራትም፤ ጠረጴዛዋ ከእሳቸው ጠረጴዛ ጋር ፊት ለፊት ነው። ኦዴት ከከተማው ወጣ ብሎ የወተት ላም ያረባ የነበረ ፖርቱጋላዊ ልጅ ናት። በሶልትግራስ ሥራዋ የሥዕል ክፍሉ አምስት ሰዎች ሥራቸውን በጊዜው እንዲያስረክቡ ማድረግ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ከሊቀ ጥላ ጋር መጣላት።

የሰውየውን መፈክር የሰማችው በገባች ሰሞን ነው። ሥዕሎቹን የሚያንቀሳቅሰው ቪንስ ታግሊያ ከወራት ድካም በኋላ አንዲት ቀይ ኳስ ጠረጴዛ ላይ ስትነጥር በስክሪን አሳየ። ያኔ ይህ ተአምር ነበር፤ ሰው አጨበጨበ፣ አንዱ ተነሥቶ ቪንስን አቀፈው። ሊቀ ጥላ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ፣ ቁጢጥ አሉ፣ ጉንጫቸውን ከጠረጴዛው አጣብቀው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መሬቱን አልነካም» አሉ።

«ምኑ ነው ያልነካው?» አለ ቪንስ።

«ኳሱ።»

«እየነጠረ እኮ ነው ሌስተር። ሲወርድ ይነካል፣ ሲነሣ ይለቃል። ኳስ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

«ሥሩ ጥቁር የለም። ጥቁር ከሌለ ተንሳፏል። ከተንሳፈፈ ኳስ አይደለም፣ ፊኛ ነው።»

ሰው ሁሉ መለስ ብሎ አየ። እውነትም ኳሷ ከጠረጴዛው አንዲት ፀጉር ያህል ከፍ ብላ አየር ላይ ነበረች። ከዚያች ሰዓት በኋላ ማንም ሌላ ነገር ሊያይባት አልቻለም። የእንዲህ ዓይነት ሰው ግፍ ይህ ነው። ተሳስቶ ቢሆን ስቀህ ታልፈዋለህ፤ ልክ ሆኖ ደስታህን ይወስድብሃል።

መፈክሩ በኮምፒዩተር ሥዕል ብቻ ተወስኖ ቢቀር ባልከፋ። ክቡርነታቸው ግን ትግሉን ወደ ሰፊው ሕዝብ አወረዱት። ቪንስ አዲስ የያዛትን ልጅ ለመሥሪያ ቤቱ ሽርሽር ይዟት መጣ። ልጅቷ ስትስቅ ዋለች፣ ከሁሉም ጋር ፎቶ ተነሣች፣ ሄደች። ሊቀ ጥላ የመኪናዋን አቧራ በዓይናቸው ሸኝተው «መሬቱን አልነካም» አሉ። ቪንስና ልጅቷ ቅጠል ሳይረግፍ ተለያዩ። ቪንስም አንድ ወር ሙሉ ሌስተርን አኮረፈ፤ ስለ ተናገሩ ሳይሆን ስላወቁ።

በየወሩ መጨረሻ አርብ ደግሞ ሠራተኛው ከየቤቱ ምግብ አምጥቶ በግቢው አብሮ ይበላል። ኦዴት የእናቷን የድንች ሰላጣ ታመጣለች። ክቡርነታቸው አንዴ ይጎርሱና ሹካቸውን ያስቀምጣሉ።

«ጨው ጎድሎታል።»

«ባለፈው ጨመርኩበት እኮ።»

«ባለፈውም ጎድሎት ነበር።»

ታዲያ ሳህኑን ሙልጭ አድርገው ነው የሚጨርሱት። ኦዴትም እናቷ ስትጠይቃት ምንም አልጎደለውም አሉ እያለች ብዙ ጊዜ ዋሽታለች።

ሚስታቸው ትተዋቸው እንደሄዱ መሥሪያ ቤቱ የሰማው ከራሳቸው አፍ ነው፤ ያውም የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው።

«ማርጂት ሄደች» አሉ፣ ለኦዴት፣ ቀና ሳይሉ። «በሩን ወርውራው ወጣች። ከመድረኩ ጋር አልገጠመም። እንዳይበርድ ጨርቅ ወተፍኩበት።»

«ሌስተር፣ ሚስትህ ጥላህ ስትሄድ አንተ ያየኸው በሩን ነው?»

ሊቀ ጥላ ትንሽ አሰቡ። «ሌላውን ማየት አልቻልኩም» አሉ።

ኦዴት እርሳስ አንሥታ ቀረጸች። ያ እርሳስ ቀድሞም የተቀረጸ ነበር።

እንግዲህ የድርጅቱን ባለቤት ማስተዋወቅ ሊኖርብን ነው። ሚስተር ዱዌይን ፕራት የወተት ማቀዝቀዣ ጋን ሸጠው የከበሩ ሰው ናቸው። በዝባዥ ብሎ ለመርገም አይመቹም፤ በገና የአሳማ ጭን ይልካሉ፣ የሠራተኛ ልጅ ሲወለድ ካልሲ ይገዛሉ። ድርጅቱ የሚሠራውን፣ ሥዕል የሚያሰላ ትልቅ የኮምፒዩተር መሣሪያ ለሆስፒታል መሸጥ ነበር ሕልማቸው። የሰው ሳንባ፣ የሰው ጭንቅላት፣ ከየአቅጣጫው እየዞረ በስክሪን እንዲታይ። ፊልም ሠሪዎቹን የያዙት መሣሪያውን እንዲያስተዋውቁላቸው ነው፤ ገበያ ላይ ከበሮ እንደሚመታ ሰው።

አንድ ዓመት ጸደይ ላይ ሚስተር ፕራት ሠራተኛውን ግቢ ሰብስበው የወተት ጠርሙስ ሣጥን ላይ ወጡና «ይህ ድርጅት ከእንግዲህ በራሱ እግር ይቆማል» አሉ። ከኋላ የታወቀው ድምፅ ተሰማ።

«መሬቱን አልነካም።»

«ምን አለ ያ ረጅሙ?»

«ሣጥኑን ነው ሚስተር ፕራት» አለች ኦዴት ፈጠን ብላ። «እንዳይወድቁ ሰግቶ ነው።»

ሚስተር ፕራት ቁልቁል አዩና ወረዱ። ከዚያ ኦዴትን ለብቻዋ ወደ አጥሩ ወሰዷት።

«ኦዴት ልጄ፣ በነሐሴ ዳላስ ላይ የሙያው ሰዎች ጉባኤ አለ። ፊልም ሠርታችሁ አሳዩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ብቻ፣ መሣሪያውን እገዛለሁ ካላለኝ ያንን ክፍል መጋዘን አደርገዋለሁ።»

«አምስት ሰው ነን ሚስተር ፕራት።»

«አውቃለሁ። በገና ሥጋ የምልክላችሁ እኔ አይደለሁ?»

ታሪኩን ያመጣችው ኦዴት ናት። በዚያው ጸደይ መንግሥት ወተት በዝቷል ብሎ የአባቷን ላሞች አንድ ሳይቀር ገዝቶ ወደ ቄራ ነድቷቸዋል። አባቷ ግን ማታ ማታ በማለቢያው ሰዓት ወደ ባዶው ጋጣ ይሄዳል፤ በልጅነቱ ያልብባት በነበረች ባለሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ ይመለሳል። ማንም ምን ስታደርግ ነበር አይለውም። ፊልሙ እንግዲህ ስለ ዱካዋ ሆነ፤ አንድ ጠዋት ላሟን ብታጣት የላሟን ዱካ ተከትላ በሦስት እግሯ እያነከሰች የምትፈልጋት፣ መንገዱን አዳርሳ በመጨረሻ ወደ ጋጣው ብቻዋን የምትመለስ ዱካ።

መጀመሪያ ላይ ላሟም በፊልሙ ውስጥ ነበረች። ቪንስ ሁለት ወር ለፍቶባታል። ውጤቷ ላም ሳትሆን ምንጣፍ የለበሰች ፍሪጅ ነበር።

«አባዬ ይችን ቢያይ የተረፈው ልቡ ይቆማል» አለች ኦዴት። «አውጣት።»

«አወጣኋት» አለ ቪንስ፣ ቁልፍ ተጭኖ። ላሟም ከስክሪኑ ጠፋች። የዚህን ነገር መጨረሻ አሁን ልብ በሉ። ላሟ ከዓይን እንድትሰወር ታዘዘች እንጂ ለብርሃኑ ማንም የነገረው የለም።

ከዚያ ትልቁ ጦርነት መጣ። መሣሪያው ለአንዲት ሴኮንድ ፊልም ሃያ አራት ሥዕል ማስላት አለበት፤ አንዱን ሥዕል ሲያሰላ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ጥላ ይጨመር ከተባለ ደግሞ ምሳም እራትም ይበላል። ስለዚህ ኦዴት ፊልሙ በሙሉ ያለ ጥላ እንዲሰላ ወሰነች። ቪንስ ለማካካሻ ከዱካዋ ሥር ግራጫ ነገር በእጁ ለቀለቀ። ሊቀ ጥላ ቁጢጥ ብለው አዩት።

«ይህ ጥላ አይደለም። ሸንታለች።»

«ሌስተር፣ ጊዜ የለንም።»

«መሬቱን አልነካችም።»

«አትንካ። ትንሳፈፍ። ዳላስ ድረስ ተንሳፋ ትሂድ።»

«ኦዴት፣ አባትሽ የሚቀመጥባት ናት። አባትሽ አየር ላይ ነው የሚቀመጠው?»

እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ ቢላውን የት እንደሚሰካ ያውቃል። ኦዴት መስኮቱን አየች። ከዚያ እንደ ገበያ ሴት ጣቷን አቆመች።

«አንድ ትዕይንት። አንዱን ብቻ ምረጥና ከነጥላው ይሰላልሃል። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ዳላስ አፍህ ይዘጋል።»

«የመጨረሻውን» አሉ ሊቀ ጥላ፣ ሳያስቡ። «ጋጣው ውስጥ ያለውን።»

የመጨረሻው ትዕይንት ተሰልቶ ያለቀው ሊበሩ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። ጠዋት አምስቱም ስክሪኑ ፊት ቆሙ። ዱካዋ እያነከሰች ወደ ጋጣው ገባች፤ ከበሩ የምሽት ፀሐይ ገባ፤ ዱካዋ ቆመች፤ ጥላዋ በወለሉ ላይ ረዘመ። ሦስቱም እግሮቿ መሬት ነክተው ነበር። ከጥላዋ አጠገብ ደግሞ ሌላ ጥላ ወደቀ፤ አራት እግር፣ ሰፊ ሆድ፣ ወደ ግርግም ያጎነበሰ ራስ።

ላም ግን አልነበረችም። ወለሉ ላይ ጥላዋ ብቻ ነበር።

ቪንስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እሷ ናት» አለ። «አላጠፋኋትም፤ እንዳትታይ ብቻ ነው ያደረግኋት። ጥላ ስለማንሠራ አላወቅሁም። እስከ ዛሬ እዚያው ቆማ ነበር።»

«በፊልሙ ሁሉ ውስጥ?» አለች ኦዴት።

«በሁሉም ውስጥ።»

እንደገና ለማስላት ሳምንት ያስፈልጋል፤ ያላቸው አንድ ቀን ነው። ትዕይንቱን ቆርጠው ቢጥሉት ዱካዋ መንገድ ላይ ትቀራለች። ኦዴት ምንጣፍ ለብሳ ያሳፈረቻቸውን ላም በጥላዋ አየቻት፤ እንከን አልነበራትም። አራቱም ሰዎች ፍርድ ሊሰሙ ወደ አንድ ሰው ዞሩ። ጥላ ሲጎድል ያን ያህል ከጮኸ፣ አካል ሲጎድልማ ሕንፃው አይችለውም።

ሊቀ ጥላ ቁጢጥ አሉ። ጉንጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣበቁ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ።

«ነካ» አሉ።

«ምን አልክ?» አለ ቪንስ።

«ነካ አልኩ።»

ተነሡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ወደ ግቢ ወጡ። በድርጅቱ ታሪክ ክቡርነታቸው አመሰገኑ የተባለው ያን ቀን ብቻ ነው።

የዳላሱ አዳራሽ የሚያብረቀርቅ ነገር ባየ ቁጥር የሚያፏጭ አዳራሽ ነበር። የሚያበራ ማንቆርቆሪያ ሲዞር አፏጨ፤ የብርጭቆ ኳስ ሲንከባለል ተነሥቶ አጨበጨበ። የሶልትግራስ ዱካ ስትመጣ መጀመሪያ ሳቀላት። ጋጣው ሲደርስ ፉጨቱ ጠፋ። መብራት ሲበራ ከኋላ መደዳ የተቀመጡ ጺማም የሒሳብ ሊቃውንት ጫማቸውን ያዩ ነበር። ሚስተር ፕራት በመሐረብ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

ከዚያ መሣሪያውን ለሽያጭ ወዳቆሙበት ቦታ ሰው ጎረፈ። አስገራሚ ሐሳብ ነው፣ የማትታየውን ላም በጥላዋ፣ እንዴት መጣላችሁ ይሉ ነበር። ቪንስ «ብዙ አስበንበታል» እያለ እንደ ሙሽራ ይጨብጥ ጀመር። ኦዴትም ሳታርመው ፈገግ አለች፤ የአምስት ሰው እንጀራ ነው።

ከታልሳ የመጡ የራጅ ሐኪም መሣሪያውን ዞር ዞር ብለው አዩ። ለሆስፒታላቸው መሣሪያ የመግዛት ሥልጣን የያዙ ሰው ናቸው። ሚስተር ፕራት ወንበር አቀረቡላቸው። ሐኪሙ ተቀመጡና ወደ ረጅሙ ሰው ዞሩ።

«ላሟ ታስቦባት የገባች ናት?»

ኦዴት ከኋላቸው ሆና ራሷን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀች፣ ዓይኗን አፈጠጠች፣ የሊቀ ጥላን ጫማ ረገጠች።

«አይደለችም» አሉ ሊቀ ጥላ። «ስሕተት ናት። እዚያ የለችም። መሣሪያው ግን ጥላዋን አወጣ።»

ሐኪሙ ቀስ ብለው ተነሡ። «እኔ በሰው ሳንባ ላይ የሌለ ነገር ጥላ ካየሁ ደረት ይቀደዳል» አሉ፤ አመሰገኑ፤ ሄዱ።

ኦዴት በሕይወቷ እንደዚያ ተቆጥታ አታውቅም። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ያንተም እንጀራ እኮ ነው።»

«ሐኪም ነው ኦዴት» አሉ። «በእሱ ቃል ሰው ይቀደዳል።»

ሚስተር ፕራት ቃላቸውን ያከበሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እኔም አለቀስኩ» አሏት፣ «ክፍሉን ግን በመስከረም አጸዳዋለሁ።» አጸዱት። ጋን ገባበት። ቪንስ ትልቅ ኩባንያ ገብቶ ስሙ በትልቅ ፊልም መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል የሚያልፍ ሰው ሆነ። ኦዴት የአይብ ፋብሪካ ጭነት መቆጣጠር ጀመረች። ሊቀ ጥላ በአነስተኛ ኮሌጅ ሒሳብ አስተማሩ፤ ተማሪዎቻቸው በምን ስም እንደሚጠሯቸው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በየወሩ መጨረሻ አርብ ግን የኦዴትን ደጅ ያንኳኩ ነበር። ሰላጣ ይበሉ ነበር። ጨው ጎድሎታል ይሉ ነበር። ሳህኑን ሙልጭ ያደርጉ ነበር።

ከዚህ ወዲያ አንቱታው ይቅር። ሹመት ለሚያላግጡበት ሰው ነው፤ ለሚወዱት አንተ ይበቃዋል።

ሌስተር የሞተው ከዓመታት በኋላ፣ በበጋ ነው። ፔታሉማ ኮረብታ ላይ በእኩለ ቀን ቀበሩት፤ ወይም ሊቀብሩት ነበር። ሰው እፍኝ አይሞላም። ቪንስ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። ማርጂት ከሚኒሶታ መጣች፤ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆመች። ቄሱ ጸሎቱን አሳጠሩ። ሣጥኑ በጉድጓዱ አፍ ላይ በሁለት ሰፊ ጠፍሮች ተንጠልጥሏል፤ ዙሪያውን አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ሸፍኖታል። እንደ አገሩ ደንብ ሰው ተጨባበጠና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ወደ ምግቡ መውረድ ጀመረ። ማውረዱና አፈር ማልበሱ የሠራተኞቹ ሥራ ነው፤ ኀዘንተኛ አያየውም።

ኦዴት አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ጉልበቷ እየተንቋቋ ቁጢጥ አለች፤ የፕላስቲኩን ሣር ገለጥ አድርጋ ጉንጯን ወደ መሬት አስጠጋች።

«ኦዴት፣ ምን ወደቀብሽ?» አለ ቪንስ።

«መሬቱን አልነካም።»

ቪንስ መነጽሩን አወለቀ።

የቀብር አስፈጻሚው ጠጋ አለ። «እመቤት፣ እኛ በኋላ እናወርደዋለን። እናንተ ሂዱ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ። አሁን አውርዱት።»

ሰውየው ቄሱን አየ፣ ቄሱ ሰማይ አዩ። ማርጂት ተመልሳ መጥታ ከኦዴት ጎን ቆመች። ሠራተኛው እጀታውን መዘወር ጀመረ። ሣጥኑ እየተንቀጫቀጨ ወረደ። ፀሐይ አናት ላይ ስለነበረች ጥላው ከታች ከጉድጓዱ ወለል ላይ ይጠብቀው ነበር፤ ሣጥኑ ሲወርድ ጥላው ጠበበ፣ ጠበበ፣ ከሥሩ ገባ። ድው የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ነካ?» አለች ማርጂት።

«ነካ» አለች ኦዴት።

ሦስቱ ቁልቁል ወረዱ። የድንች ሰላጣው ደርቆ ጠበቃቸው፤ ጨው የሚባል አልዞረበትም። ሁሉም ጎረሱ፣ ሁሉም ዝም አሉ። የሚናገረው ሰው ኮረብታው ላይ ነበር።